ዘፋኙ ድምፁ የተዘጋበት ቦታ

የተሰጣ በርበሬ በሸተተኝ ቁጥር፣ ታላቅ ወንድሜ ይወደው የነበረው የሮክ ባንድ የመድረክ አልበም ትዝ ይለኛል።

ቡታጅራ፣ ግቢያችን ውስጥ በርበሬ ተሰጥቷል። ወንድሜ አልበሙን ከፍቶ ከጓደኛው ጋር ይከራከራል።

«ስቱዲዮ የተቀዳው ይሻላል ባክህ! እዚህ ዘፋኙ ድምፁ ተዘግቷል» አለ ጓደኛው።

«ጆሮህን ታከም! የሚጥመው እኮ እሱ ቦታ ነው፤ ሕዝቡ ይዘፍንለታል።»

በርበሬውን የሚያገላብጠው አባታችን ቀና አለ። «ተቀባዮቹ ጎበዞች ናቸው። ሲያቅተው ያነሱለታል።»

«አባባ ገባው!» ብሎ ወንድሜ ሳቀ።

በማግስቱ መስቃን ሄዶ ሲመለስ ከሞተር ወድቆ ሞተ።

በቀበርነው ማግስት ጠዋት አልበሙን በስልኬ ከፈትኩት። ዘፋኙ ድምፁ ተዘጋ፤ ሕዝቡ ተቀበለው። ላጠፋው ስል አባባ፣ «ያንን ቦታ ድገመው» አለኝ።

ደገምኩት።