በሁዳዴ የተውነው ድራማ

ድራማው ከውጭ መጥቶ በአማርኛ የተተረጎመ ነበር። ሁለት ሴቶች አሉበት፤ አንዷ ሚስት፣ አንዷ የባሏ ውሽማ። ሁለቱም ደረጃ ሲወርዱ ቀሚሳቸው ከኋላ የሚጎተት፣ ሲጣሉም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ። አንዷ ሌላዋን የምትወጋት ሻይ እየቀዳችላት ነው። ያኔ ላሊበላ ውስጥ እነሱን የማያውቅ ሴት አልነበረም።

እኔ የሚስትየዋ ወገን ነበርኩ፤ ጓደኛዬ የውሽማዋ። ጓደኛዬ አብራኝ ያደገች፣ በሠርጌም ሚዜዬ የነበረች፣ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና የምትሠራ ሴት ናት። እኔ ቤት ቁጭ ብለን ስናይ፣

«ያንቺዋ ማልቀስ ብቻ! ደግሞ ኩሏ እንኳ አይበላሽም» ትለኛለች።

«ያንቺዋስ? የሰው ባል ይዛ ፈገግ ትላለች። እግዜርን አትፈራም?»

«ምን ታድርግ እቴ፣ አምሮባታል!»

አንድ ቀን ግን ሚስትየዋ የባሏን ሸሚዝ አሽትታ፣ ምንም ሳትል አጣጥፋ ወደ ቁም ሳጥኑ ስትመልሰው እንባዬ መጣ፤ አላቆም አለኝ። ጓደኛዬ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። ያን ቀን ነው የነገርኳት። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጋሸና ከተማ ምግብ ቤት ካላት ሴት ጋር እንደሆነ ካወቅሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ለእናቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

«ሰው ካላወቀ እችለዋለሁ» አልኳት። «ከታወቀ ግን ቤቴ አይቆምም።»

እጄን ይዛ በእመቤታችን ማለችልኝ።

ሁዳዴ ሲገባ ድራማውንም ለመተው ተስማማን። ሥጋውንና ወተቱንማ ሁሉም ይተወዋል፤ ለእኛ የከበደን ድራማው ነበር። ለንስሐ አባታችን ብንነግራቸው ሳቁ። «ሌላው ጠላውን ይተዋል፣ እናንተ የሰው ጠብ ማየት ተዋችሁ? ይሁን ልጆቼ፣ እሱም ጾም ነው» አሉን።

ከወር በኋላ አንድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ በሆቴሉ በኩል አለፍኩ። ጾሟን ትፍታበት ብዬ የሽምብራ ቆሎ በመሐረብ ቋጥሬላታለሁ። እንግዳ አልነበረም። ከሳሎኑ የድራማው ዘፈን ይሰማል፤ በሩም ገርበብ ብሏል። ጓደኛዬ ከአልጋ አንጣፊዎቹና ከወጥ ቤት ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ታያለች።

ቃላችንን ማፍረሷ አልጎዳኝም። እንዲያውም ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ ገብቼ «ያዝኩሽ!» ልላት። ይኼኔ አንዲቱ፣

«ሚስትየዋ ግን ጅል ናት፤ እያወቀች እንዴት ዝም ትላለች?» አለች።

ጓደኛዬ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል መለሰችላት። «ምን ሩቅ ያስኬድሻል? የኛዋ አለች አይደል፤ ባሏ ጋሸና ከባለምግብ ቤቷ ጋር ሌላ ቤት መሥርቶ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን የምትመላለስ።»

«ማን? ያቺ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የምትከናነበው ጓደኛሽ?»

«እሷ ነቻ! ያ ሁሉ ስግደት ለምን ይመስልሻል?»

ሳቁ። «የጋሸናዋ ታምራለች እንዴ?» አለች ሌላዋ።

«ታምራለች አሉ። እኔማ ድሮም የሁለተኛዋ ወገን ነኝ።»

ይብሱን ሳቁ። መግባት አልቻልኩም፤ መሄድም አልቻልኩም። ማስታወቂያ እስኪገባ ድረስ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ፣ ዓይኔ በድራማው ሁለት ሴቶች ላይ እንደተተከለ ቀረ። እኔም ጾሜን ሻርኩ ማለት ነው። ከዚያ ቆሎውን ለዘበኛው ሰጥቼ ወጣሁ።

ወሬው ለሆሳዕና ሳይደርስ የባለቤቴ ዘመዶች ጆሮ ገባ። ሽማግሌዎች መጡ። እሱም ሰው ፊት ሲጠየቅ ካደ፣ ዞሮም «ስሜን አጠፋሽ» አለኝ። ስችለው የኖርኩት ነገር ሰው ዓይን ላይ ሲውል አቃተኝ።

ስቅለት ዕለት ከስግደቱ በኋላ በወይራ ተመትተን ስንወጣ ጓደኛዬ እግሬ ላይ ወደቀች። «አፌ አምልጦኝ ነው እህቴ፣ ለጨዋታ ነው።» ንስሐ አባታችን አጠገባችን ነበሩ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አልኳት፤ ደስ አላቸው። እሷም እንባዋን ጠርጋ፣

«ከፋሲካ በኋላ መጥቼ ያመለጠንን እናያለን፣ እሺ?» አለችኝ።

ከልቧ ነበር። እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ፋሲካን ውዬ ድሬዳዋ አክስቴ ዘንድ መጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። በጸሎቴ የሁለቱንም ስም እጠራለሁ። የባለቤቴን ስም አሁን ቀለል ይለኛል። የእሷ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። እዚህ ያሉ ጎረቤቶቼ ባለቤትሽስ ሲሉኝ፣ «ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነው» እላቸዋለሁ። ውሸት መሆኑን ለዚህኛው ንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ለሌላ ለማንም አልናገርም።