ተረግጦ ታይቷል

ሠላሳ አንድ ዓመት ከቲኬት መስኮት ጀርባ ቁጭ ብሎ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ያምረዋል? መሄድ ያምረዋል። ባቡር መሳፈር አይደለም፣ በገዛ እግሩ መሄድ። የኛ ሰው በጡረታው ማግስት የሸራ ጫማ ገዛ፤ ይሠራበት ከነበረው ጣቢያ ተነስቶ እስከሚቀጥለው ጣቢያ በመናፈሻዎቹ መሃል እያቆራረጠ ሄደ፤ እርምጃውን ቆጥሮም ደብተር ላይ አሰፈረ። ስድስት ሺህ አራት መቶ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ «ጋሽ እርምጃ» አለው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ባለቤቱና የጡረታ ቢሮው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሱ ግን መንገዱን በአንድ ገጽ ጽፎ ጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው፤ ለሚፈልግ ሰው ቅጂ ከጎኑ አንጠለጠለ። «ከጣቢያው የኋላ በር ይውጡ። የመዋኛ ገንዳውን አጥር በግራ ይዘው ሁለት መቶ እርምጃ። የተጣመመው ዛፍ ጋ ወደ ቀኝ። ሁለተኛውን መናፈሻ በጀርባ በር ገብተው የእንጨት ድልድዩን ይሻገሩ።» ከግርጌው የሚኮራባት መስመር ነበረች፦ «ይህ መንገድ ተረግጦ ታይቷል»፤ ከአጠገቧም ቀኑ፣ ከመሥሪያ ቤት ይዞት በወጣው አሮጌ የቲኬት ማኅተም ተመትቶ። በየቅዳሜው መንገዱን ይሄድና አዲሱን ቀን ይመታል። የወደቀ ግንድ፣ የተቆለፈ በር ካገኘም ይጽፋል። ሰዉ አመነው። ልጅ በጋሪ የሚገፉ እናቶች ሳይቀሩ ወረቀቱን ይዘው ይሄዱ ነበር።

በስድስተኛው ዓመት ቀኝ ጉልበቱ ከዳው። ሐኪሙ ረጅም መንገድ ከለከለው። «ከእንግዲህ አልችልም» ብሎ ቢናገር ሰማይ አይደፋበትም ነበር። ኩራቱ ግን አላስተነፍስ አለው። ቅዳሜ ሲመጣ ኮፍያውን ደፍቶ እንደ ወትሮው ይወጣል፤ የመጀመሪያው መናፈሻ ገብቶ ከጽጌረዳዎቹ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ ከዚያ ቤቱ ይመለስና ማኅተሙን ይመታል። አንድ ዝናባማ ሳምንት ባለቤቱ ጫማውን እያየች፣ «ዘንድሮ ጭቃውም ጠልቶሃል» አለችው። እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ንጹሑን ጫማ አንስታ በሩ ጋ ደረደረችው።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ነርስ ከአዳር ሥራዋ ወጥታ፣ ባቡሩን ትታ፣ በወረቀቱ መንገድ ወደ ቤቷ ሄደች። ጭጋግ ነበር። የእንጨት ድልድዩ ሁለት ሳንቃ ከጎደለው አርባ ቀን አልፎታል። ማዘጋጃ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ያቆመው ዋናው በር ላይ ነው፤ የጋሽ እርምጃ መንገድ የሚገባው ደግሞ በጀርባ ነው። ከስር ያለው ቦይ ጥልቅ ነው፣ ድንጋይ የበዛበት። ቀትር ላይ ሞታ ሲያገኟት ወረቀቱ ኪሷ ውስጥ ነበር።

ጋሽ እርምጃ ይህን የሰማው ዳቦ ቤት ተሰልፎ ነው። ዳቦውን ሳይገዛ ሰልፉን ጥሎ ወጣ፤ ጣቢያ ሄዶ ወረቀቱን ከነቅጂዎቹ ከሰሌዳው ነቀለ።

በሳምንቱ የነርሷ ባል በሩን አንኳኳ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ጥቁር ኮቱ ላይ ነጭ ክር ተጣብቆበታል። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የመጣበትን ተናገረ። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ድልድዩ ከተሰበረ ወር አልፎታል፣ እያየች ነው የገባችበት ብለውታል። በዋዜማው ማታ ደግሞ እሱና እሷ ተጣልተው ነበር፤ ሳይሰናበቱ ነው ወደ ሥራ የወጣችው። አውቃ ይሆን የገባችው እያለ፣ ይኸው ስንት ቀኑ፣ ዓይኑን አልከደነም።

«እርስዎ ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ተሻግረውበታል፤ ቀኑ ወረቀቱ ላይ አለ» አለ። «ድልድዩ ደህና ነበር?»

ባለቤቱ በሩ ጋ ቆማ መሬት መሬት ታያለች፣ ጫማዎቹ የተደረደሩበትን።

«ደህና ነበር» አለ ጋሽ እርምጃ።

ልብስ ሰፊው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እንግዲያው ድልድዩ ከእግሯ ስር ነው የተሰበረው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ እጁን ያዘው። ሲወጣም፣ እሷ በሄደችበት መንገድ ልሂድ፣ ቅዳሜ ይምሩኝ ብሎ ለመነው። እምቢ የሚባል ልመና አልነበረም።

ቅዳሜ ጋሽ እርምጃ ጉልበቱን በጨርቅ ጠፍሮ አሰረ። ባለቤቱ ከዘራውን ስታቀብለው፣ «ንገረው» ብቻ አለችው። እሱም ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

የመጀመሪያው መናፈሻ ሲደርሱ አትክልተኛው ጽጌረዳዎቹን ውኃ ያጠጣል። ጋሼ፣ ወንበርዎን ጠርጌ ስጠብቅዎት ወዴት ሊያልፉኝ ነው ብሎ ቀለደ። ለልብስ ሰፊውም፣ ጋሼ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህች ወንበር ንቅንቅ እንደማይሉ፣ የጽጌረዳ ዘበኛ ሆነው እንደቀሩ እየሳቀ አጫወተው። ምስኪን፣ በምን ያውቃል።

አትክልተኛው የውኃ ጎማውን እየጎተተ ሲርቅ ጋሽ እርምጃ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ስምንት ወር ሆነኝ። ድልድዩን አላየሁትም። ሄጄ ቢሆን አየው ነበር። አውቃ አልገባችም፣ ልጄ። እኔን አምና ነው የገባችው።»

ይመታኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመታው ደስ ባለው። ልብስ ሰፊው ግን አልመታውም፣ አልጮኸበትም። «ተነስ» አለው። እርስዎ ማለቱ ቀረ። «መንገዱን አሳየኝ።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ልብስ ሰፊው ከኋላ ይከተላል፤ አይደግፈውም፣ አያጣድፈውም። የተጣመመው ዛፍ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ጉቶው ላይ ሣር በቅሎበታል። ጋሽ እርምጃ አልፎት ሄዶ እንደገና መመለስ ነበረበት።

ድልድዩ አፍ ላይ ቀይ ሪባን ተወጥሯል። ልብስ ሰፊው ቦዩን ቁልቁል አየና፣ ከደረት ኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። ኪሷ ውስጥ የተገኘው ነው፤ ረጥቦ የደረቀ፣ የተጨማደደ፣ ማኅተሙ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ጨመረለት።

«ጻፍ። ነገ ጣቢያው ላይ ትለጥፈዋለህ።»

ጋሽ እርምጃ ወረቀቱን በታሰረው ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከማኅተሙ ስር የዛሬውን ቀን በእጁ ጻፈ። ቀጥሎም፦ «ይህን መንገድ ስምንት ወር አልረገጥኩትም። ድልድዩ ተሰብሯል።» መልሶ ሰጠው።

ልብስ ሰፊው አንብቦ አልተቀበለውም። «ስምህስ?»

ሰውየው እርሳሱን እንደገና ያዘና ሰፈሩ የማያውቀውን ስሙን ከነአባቱ ጻፈ።