ከአዳማ ተደብቄ ልወጣ ስል

ትናንት ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ... ሻንጣዬን አንጠልጥዬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ የተከራየሁባትን ክፍል በር እንደ ሌባ ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ማንንም ሳልሰናበት ከአዳማ ልወጣ ነበር ሐሳቤ።

አትፍረዱብኝ፣ ደክሞኝ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የምተክል መካኒክ። «ሁለት ወር ነው» ተብዬ ብቻዬን አዳማ መጣሁ፣ ዓመት ከሦስት ወር ቆየሁ። የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ቀን ከሌት ሠርተን ነው የጨረስነው። ወገቤ የኔ አይመስለኝም። በዚህ ላይ ስንብት የሚባል ነገር አልችልም... በየቤቱ ትገባለህ፣ «ብላ» ትባላለህ፣ ትበላለህ፣ «ኧረ ምንም አልበላህ!» ትባላለህ። የሚያኝክ ጉልበት እንኳ አልነበረኝም።

ስለዚህ አከራዮቼን፣ ኦቦ ቶለሳንና ባለቤታቸውን አዴ ጫልቱን፣ «ከሰዓት ነው የምሄደው» ብዬ ዋሸኋቸው።

ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት። ማታ ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። እህቴ ጋ ደወልኩ። «ደህና ናት፣ ተኝታለች። አንተ ብቻ ቶሎ ና» አለችኝ። መቼም ታውቁታላችሁ... እኛ ሀገር መርዶ በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሟት ነው፣ ቶሎ ና» ነው የሚባለው። ከዚያ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ በርህ ላይ ይቀመጣል።

በሩን ስከፍት ታዲያ... ግቢው ውስጥ ሰው ተቀምጧል።

አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ። አግዳሚው ላይ፣ የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ፣ ደረጃው ላይ... ወደ አስር ይሆናሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። ማንም ትንፍሽ አይልም። ኦቦ ቶለሳ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከመሀል ብድግ አሉ።

«ሰኢድ... ነቃህ እንዴ ልጄ? እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቁጭ በል! ይቺን ነገር የማያውቃት ማን አለ? መጀመሪያ ያስቀምጡሃል፣ ከዚያ ነው የሚነግሩህ።

ጫማው ከእጄ ወደቀ። «ወይኔ እማዬ! እማዬን!» ብዬ ግቢው መሀል ተዘረጋሁ። ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ «በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ እማ» እያልኩ የዋሸኋት ሁሉ ትዝ አለኝ። መሬቱን እየደበደብኩ ጮህኩ።

አዴ ጫልቱ «በኢየሱስ ስም!» ብለው ሮጠው አቀፉኝና እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። አጥር የሚጋሩን እማማ ዘነቡ ደረታቸውን እየመቱ «ልጄን! በሰው ሀገር ብቻውን!» ይላሉ። እነሱ ሲያለቅሱ እኔ ይበልጥ አረጋገጥኩ፣ የባሰ ጮህኩ። ወዲያው የውጪው በር ተበረገደ። የሰፈሩ ሰው ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቅ እያለቀሰ ይገባል። ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ በነጠላ ጫማ መጥቶ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ትከሻዬን ይዞ ይንሰቀሰቃል። ከዚህ ሰውዬ ጋር እኮ ከሳሙናና ከሞባይል ካርድ ውጪ አውርተን አናውቅም።

ስንት ደቂቃ እንደዚያ እንደሆንን እንጃ። በመጨረሻ ኦቦ ቶለሳ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ጎንበስ አሉ።

«አይዞህ ልጄ... ለመሆኑ ማን ደውሎ ነገረህ?»

«ምኑን?»

«የእናትህን ነዋ!»

«እንዴ! እርስዎ አይደሉ እንዴ ሊነግሩኝ የመጡት?»

«እኔ? እኔማ ልሸኝህ ነው የመጣሁት!»

ለቅሶው መሀል ላይ ቀጥ አለ። ስልኬን አወጣሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍቼ ደወልኩ። አንዴ ጠራ... ሁለቴ... አራቴ... ያ አላህ!

«ምነው ሰኢዴ፣ ሱብሂ ልሰግድ ስል?» አለች እናቴ ቆጣ ብላ። «ማታ መብራት ጠፍቶ ባትሪ ዘጋብኝ። ድምፅህ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አይደል እማ... ጉንፋን ነው።»

እማማ ዘነቡ እልልታውን አቀለጡት። ባለሱቁ ተነስቶ ሱሪውን አራግፎ ሱቁን ሊከፍት ሄደ።

ከዚያ ስድቡ መጣ። «የደሴ መኪና ከሰዓት ተነስቶ ያውቃል እንዴ? እኛን ነው የምታሞኘው?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ከአስር ሰዓት ጀምሮ ነፋሱ አቧራውን እያለበሰን እዚህ ተቀምጠናል!»

«ታዲያ ለምን አላንኳኳችሁም? ለምን ድምፃችሁን አጥፍታችሁ ተቀመጣችሁ?»

«ደክሞሃላ! ትንሽ ይተኛ ብለን ነዋ።»

ይቺን ስሰማ እንደገና አለቀስኩ፣ አሁን ግን ማንም አብሮኝ አላለቀሰም። እኔ ደከመኝ ብዬ ልሸሻቸው፣ እነሱ ለኔ ድካም ብለው ሳይተኙ አድረው። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

የአስራ ሁለት ሰዓቱ መኪና አመለጠኝ። ለሁለተኛው መኪና ሻንጣዬን ተሻምተው ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ ሄዱልኝ። አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩልኝ፣ እማማ ዘነቡ ሦስት ጊዜ አማተቡብኝ፣ እኔም ለሁሉም አሚን አልኩ። ኦቦ ቶለሳ በመስኮቱ እጄን ይዘው «ነጋቲ ገሊ፣ በሰላም ግባ» አሉኝ። መኪናው እስኪንቀሳቀስ እጄን አልለቀቁትም።

ሰው ሀገር ላይ እንግዳ መሆን አለመሆናችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ሊነጋጋ ሲል አንዴ ጮክ ብላችሁ አልቅሱና ማን እየሮጠ እንደሚመጣ እዩ... ብቻ በአላህ፣ መጀመሪያ እናታችሁ ጋ ደውሉ።