እናቴን ተከትሎ የመጣ ግርዶሽ

እናቴ አዲስ አበባ ሳለች አንድ የፀሐይ ግርዶሽ አምልጧት ነበር። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ፤ የክረምቱ ደመና ሸፈነባትና ተበሳጭታ ቀረች። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ አሁንም በፍልሰታ፣ ያው ግርዶሽ አሜሪካ፣ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ የሚባለው ሰፈራችን ድረስ መጣላት። አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ፣ ጨረቃና ምድር በየአሥራ ስምንት ዓመት ከጥቂት ቀናትና ሰዓታት ወደዚያው አሰላለፋቸው ይመለሳሉ። በእነዚያ ትርፍ ሰዓታት ምድር ሲሶ ያህል ስለምትዞር ግርዶሹ ሌላ አገር ላይ ያርፋል። ይህን ሳነብ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኛ የሐኪም ቀጠሮ እንኳ ማክበር ያቅተናል!

በዚያ ነሐሴ ግን የእናቴን ግራ ዓይን ግላኮማ ወስዶት ነበር፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ይሄኛው ካመለጣት ሌላ እንደማታይ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቤልቪው ካለው ሥራዬ ቀርቼ የግርዶሽ መነጽር ይዤላት ስመጣ፣ በረንዳው ላይ ወደ ፀሐይ አንጋጣ አገኘኋት። ዓይኗን የጋረደችው ለቪዛ ምርመራ በተነሳችው የሳንባ ራጅ ነው! ኤርፖርት ማንም ያልጠየቃትን ራጅ፣ ድንገት ቢጠይቁኝ ብላ እስከዚያን ቀን አስቀምጣዋለች።

«እማዬ! ዓይንሽን ዳሜጅ ታደርጊዋለሽ!» ብዬ ነጠቅኳት።

«አገር ቤት ሰው ሁሉ በዚህ አይደል እንዴ የሚያየው?» አለች ተቆጥታ።

መነጽሩን አደረግኩላት። ብዙ አንጋጠጠች።

«ጨለማ ነው፤ ምንም አይታየኝም» አለች ቀስ ብላ።

ያኔ የፓስታ ማጥለያው ትዝ አለኝ። ነጠላዋን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ማጥለያውን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ከየቀዳዳው ማጭድ የመሰለች ፀሐይ ወረደች፤ ነጠላው በትንንሽ ፀሐዮች ተሞላ። እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም። እናቴ ተንበርክካ፣ ደህና ዓይኗን አስጠግታ አየቻቸው። በጣቷም አንድ በአንድ ነካካቻቸው።

«ወይ የእሱ ሥራ!» አለች፤ ድምፅዋ የልጅ ሆነ። «ደግሞ መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፤ እስያ ላይ።»

ዓመቱን በጣቷ ቆጠረች።

«ያኔ አንቺም ስልሳ ይሞላሻል። ይሄ የዓይን በሽታ ደግሞ በዘር ይወርዳል ብለውኛል» አለችና ተነሳች። «በይ ማጥለያውን አምጪ፣ እኔ ልያዝልሽ። አንቺም በደንብ እዪ።»

ተቀብላኝ ቆመች። ማጥለያውን ከፍ ስታደርገው ፀሐዮቹ ነጠላው ላይ ተርገበገቡ። እኔም ተንበርክኬ፣ ግርዶሹ አልፎ ክብ እስኪሆኑ ድረስ አየኋቸው።