ሁመድ የተማመነበት ፊርማዬ

ረፋዱ ላይ ነው... አሰብ ወደብ። ከመርከብ የሚወርደውን ስሚንቶ እየቆጠርኩ ስመዘግብ ከበላያችን ገመዱ «ጧ!» ብሎ ተበጠሰ። ጆንያው ተንዶ ሁመድ የሚባል የአፋር ጫኝና አውራጅ እግር ላይ አረፈ።

ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ጊዜው ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከወሎ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ሲሆን ፍልሰታን እየጾምን ነበር። በዚያ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም። እውነቱን ለመናገር ራሴን ጥሩ ክርስቲያን አድርጌ ነበር የማየው።

ገመዱ መሳሳቱን ያን ቀን ጠዋት ለካቦአችን ለጋሽ ወርቁ ነግሬአቸው ነበር። «ዛሬን ይሥራ፣ ነገ ይቀየራል» ነው ያሉኝ። ጋሽ ወርቁ ሥራውን ያስገቡኝ፣ የመጀመሪያ ልጄንም ክርስትና ያነሱልኝ ሰው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና አንድ ወረቀት ዘረጉልኝ። ሁመድ «ዞር በል» ተብሎ እንዳልሰማ፣ ጥፋቱም የራሱ እንደሆነ ይናገራል።

«ጋሽ ወርቁ፣ ይሄማ...»

«አምስት ልጆች አሉኝ፣ ልጄ። የገመዱን መሳሳት ከአንተ በቀር ያየ የለም። ፈርምልኝ።»

ፈረምኩ።

በማግስቱ ለጸሎት ቆሜ አቡነ ዘበሰማያትን መጨረስ አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ አቋረጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም በትክክል አላውቀውም። ሁመድ እግሩ እስከ ጭኑ በጄሶ ታስሯል፣ ሚስቱ ከአልጋው ሥር ተቀምጣለች። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ለእሷ በአፋርኛ የሆነ ነገር ነገራትና ወደ እኔ ዞሮ በዚያች ወደብ ላይ በለመዳት አማርኛ፣

«ሰዎች መጥተው ‹ጥፋቱ ያንተ ነው› ሊሉ ነው አሉኝ። እኔ አልፈራሁም። ያ የሚጽፈው ሰውዬ አይቷል አልኳት። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፣ አላህን የሚፈራ ሰው ነው፣ አይዋሽብኝም አልኳት።»

ሚስቱ ተነስታ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። እጄን ነጠቅኋት...

«ፈርሜብሃለሁ» ማለት አቃተኝ። ብርቱካኑን አልጋው ላይ አስቀምጬ ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ከዚያ በቀጥታ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ።

«አስቀድሜ ለእርስዎ ልንገርዎት ብዬ ነው። የሰጠሁትን ቃል ላነሳ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እኔን ክርስቲያን ወንድምህን ትተህ... ለእሱ?»

«ክርስቲያን ስለሆንኩ ነው፣ ጋሼ።»

ቢሮ ገብቼ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ፤ መጀመሪያ የዋሸሁትንም ጭምር። ጋሽ ወርቁ ከካቦነት ወረዱ። እኔም ከመዝገብ ሥራ ተነስቼ ፀሐይ ላይ፣ ጨው ጭነት ጋ ተመደብኩ። ሁመድ እግሩ እንደ ድሮው ባይሆንለትም በመጋዘን ዘበኝነት ሥራ ተሰጠው።

ክራንቹን ጥሎ መሄድ ሲጀምር ራሴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ዓይኑን ወደ ባሕሩ መለሰ።

«ግን ተመለስክ» አለኝ።

ጋሽ ወርቁ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር። የጠሉኝ አይመስለኝም... ያፈሩ ይመስለኛል። እኔም አፍሬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ክርስቲያን ነህ?» ሲለኝ ቶሎ «አዎ» አልልም... በዚያች «አዎ» ማን ተማምኖ እንደተኛ አላውቅማ።