ይመር የማን አባት ነው?

ደብረ ብርሃን፣ ሐሙስ ማለዳ

ወደ ኮምቦልቻ የተሳፈርኩት የአያቴን ማንነት ለማጣራት ነው። እህቴን ሕይወትን ሊያጯት ሽማግሌ ተልኮ፣ የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ነበር። የእጮኛዋ የዳዊት ወገኖች ቀድመው ቆጠሩ፤ ዳዊት፣ አሰፋ፣ ካሳው፣ ከዚያ ይመር፣ የኩታበሩ። ይመር ላይ ሲደርሱ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። የሟቹ አባታችን ስም መኮንን ይመር ነው። ከኩታበር ወርዶ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንደተቀጠረ ለእናታችን ነግሯታል፤ ከዚያ በላይ የምናውቀው የለም፣ አንድም ዘመዱን አይተን አናውቅም።

በአባቴ ቦታ ያለሁት እኔ ነኝና የእኛን ወገን እንድቆጥር ለእሁድ ቀጠሩኝ። ሁለቱም ይመር አንድ ሰው ከሆኑ ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። እነሱን ብጠይቅ ጥርጣሬ እዘራለሁ ብዬ ፈራሁና የሥራ ጉዳይ አለኝ ብዬ ወጣሁ። ለሕይወትም አልነገርኳት።

ጣርማበር በጉም ተሸፍኖ ነበር። ተሳፋሪው መንገዱ ሰላም መሆኑን እርስ በርሱ ይጠያየቃል፤ እኔ ስም እቆጥራለሁ። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሙዝ ገዛሁ፣ ግን ሳልልጠው ቀረሁ። ከሚሴ አካባቢ ለፍተሻ ስንወርድ ጠባቂው መታወቂያዬን አገላብጦ፣ ይመር የሚለውን አይቶ "የወሎ ልጅ ነሃ!" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር።

ኮምቦልቻ

እናቴ የምታስታውሰው አንድ ስም ነበር፤ ሰይድ፣ የአባቴ የፋብሪካ ጓደኛ። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ጠይቄ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል። የሽመና ማሽን ጆሯቸውን በልቶታልና ምስጢሬን የጠየቅሁት እየጮህኩ ነው፤ ሻይ ቤቱ በሙሉ ሰማ።

"ይመር አባቱ አይደሉም፣ ወላሂ" አሉኝ ጋሽ ሰይድ። "በድርቁ ጊዜ ደጃፋቸው ላይ ያገኙት ልጅ ነው። ፋብሪካው ዋስ አምጣ ሲለው እሳቸው ዋስ ሆኑት። ጸሐፊው የማን ልጅ ነህ አለው፤ የይመር አለ። ሌላ ማንን ይጥራ?"

ቀዝቃዛ ለስላሳ አዝዤ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ከዚያ ራሴን ታዘብኩት፤ አባቴ ወላጅ አልባ በመሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን የአንድ ሰው ቃል አይበቃም፣ የይመር ልጅ ዘነበች ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር አለችና እሷንም ጠይቅ አሉኝ።

ደሴ

ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ከፒያሳ በባጃጅ ሰኞ ገበያ ደረስኩ፤ ሰው ከሰው ይጋፋል። እትዬ ዘነበች ይመር ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፣ ቅመም ይሸጣሉ። የመኮንን ልጅ ነኝ ስላቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ።

"ወንድሜ" አሉ። "አባቴ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጠባው እኮ። በሽማግሌ ፊት የጡት ልጄ ነህ አለው።"

የጡት ልጅ እንደ ሥጋ ልጅ ነው፤ የሚያውቁ ሰዎች ፊት ከተነሳ ሠርጉን ያፈርሳል። የዳዊትን አያት ካሳውን ያውቁታል ወይ ብላቸው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነበር አሉኝ። ያለኝ አማራጭ እውነቱን መናገር ብቻ ነበርና የመጣሁበትን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዲት ሴት ኮረሪማ ብላ መጣች፤ መዝነው ሸኟትና ተመለሱ።

"ይዋደዳሉ?" አሉኝ።

"በጣም።"

"እንግዲህ ስማኝ፣ ሆዴ። አባቴ ዋስ ሆኖታል፤ ይህ ውሸት የለበትም። እሁድ ይህን ተናገር። እኔም አክስትህ አይደለሁም።"

"ማሩስ፣ እትዬ?"

"ማሩን የሚያውቅ ከእኔ በቀር በሕይወት አልቀረም። አሁን አንተ።"

በርበሬ ቋጥረው ሰጡኝ። ከየት አመጣሁት ልል ነው ብዬ ብጨነቅም መመለስ አልቻልኩም።

ደብረ ብርሃን፣ እሁድ

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠበቁኝ። መኮንን አልኩ፤ ይመር ዋሱ እንጂ አባቱ አይደለም፤ ከዚያ በላይ አናውቅም። አንዱ ሽማግሌ "በኩታበር ወገን ምንም ዘመድ የላችሁም ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ሕይወት በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"የለንም" አልኩ።

እልልታው ቤቱን ሞላው። ወገን ፍለጋ የወጣ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይዞ ቤቱ እንደማይገባ በዚህ ጉዞ ተማርኩ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ደስታዋን ሳይ ይቀልለኛል፣ ብቻዬን ስሆን ይመለሳል። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እትዬ ዘነበች በሙሽራው ወገን ይመጣሉ። ሰዎች ሲያስተዋውቁን ዝቅ ብዬ እጅ እነሳና ስማቸውን እጠይቃቸዋለሁ።