የታች ሆልም ዳቦ

ሄስተር ፕላምሪጅ የላይ ሆልም መንደር ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ ምላሷ ስለታም፣ እጇ ለጋስ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ መንደርተኛው ቄሱን አስቀድሞ የደብሩን ወሰን ሲዞር ዳቦውን የምትሸከመው እሷ ናት። ወንዝ ዳር፣ ሣር ከለበሱት ጉብታዎች መሃል ታኖረዋለች፤ ከዚያ ሁሉም ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። ወደ ኋላ ማየት ነውር ነው።

ጉብታዎቹ ታች ሆልም ናቸው፣ የጥንቱ መንደር። ቸነፈር በገባ ጊዜ ጤነኞቹ በሽተኞቻቸውን «ነገ ዳቦ ይዘን እንመጣለን» ብለው ዳገቱን ወጡ። በዚያው ቀሩ። ላይ ሆልም የተቆረቆረችው፣ የዳቦውም ልማድ የተጀመረው እንዲያ ነው፤ ቄሱ በስብከታቸው ታሪኩን ቢያሳምሩትም የሚያምናቸው የለም።

የፈሩት ይደርሳል። በታላቁ ጦርነት ማብቂያ ያ የኅዳር በሽታ መንደሩ ገባና የሄስተርን ታናሽ እህት ዶርካስን ጣላት። ዶርካስ ከመንደሩ ጫፍ ብቻዋን የምትኖር ልብስ ሰፊ ነበረች። ሄስተር ከውጭ ሆና በመስኮት አነጋገረቻት።

«እትዬ፣ ግቢና ውሃ አቀብዪኝ።»

«አይዞሽ፣ ነገ ዳቦ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አወቀችው። ጥንት ለታች ሆልም በሽተኞች የተነገረው ቃል ነው።

በማግስቱ ዳቦዋን ይዛ ስትወጣ መቃብር ቆፋሪው ሽማግሌ ጆብ ትሪንደር መንገድ ላይ አገኛት።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«እህቴ ጋ።»

«አብደሻል? ሁለት ጉድጓድ የምቆፍርበት ጉልበት የለኝም! አጥሩ ላይ አስቀምጪና ተመለሽ።»

«አንተ ድሮስ መቼ ጉልበት ነበረህ!»

ልትገባ ቆርጣ ነበር። አጥሩ ጋ ደርሳ ሳሉን ስትሰማ ግን ወኔዋ ከዳት። ዳቦውን ምሰሶው ላይ አኖረች። ከዚያ እግሯ የለመደውን አደረገ፤ ዞራ ሄደች። ከኋላዋ መስኮት ተከፈተ።

«እትዬ!»

አንገቷ እንቢ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ አስቀምጣ ወደ ኋላ አይታ አታውቅም።

በነጋታው ዳቦው ጤዛ አርሶት እዚያው ነበር። ዶርካስ ከተከፈተው መስኮት ሥር ወድቃ ሞታለች።

ግንቦት ሲመጣ ሄስተር እንደ ልማዱ ዳቦውን ጉብታዎቹ መሃል አኖረች። ሰዉ ፊቱን አዞረ። እሷም ጥቂት እንደተራመደች ያ ድምፅ ከሣሩ ውስጥ ተሰማት፤ እትዬ።

ዞረች።

«ኧረ ነውር ነው፣ ሄስተር!» አለ ጆብ ዓይኑን ከዳገቱ ሳይነቅል።

ወንዝ ዳር የሚግጡት የመንደሩ በጎች ዳቦውን ከበው እየተጋፉ ይበሉታል። ሌላ ማንም የለም።

«አልደረሳቸውም፣ ጆብ» አለች እያለቀሰች። «አንድም ጊዜ አልደረሳቸውም።»